የዛሬው ጉድፍ እንደ ድሮው አይደለም

ከገበሬው መሬት ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ጓሮው ነው። ራቅ ያለው ማሳ ይነጣል፤ ተዳፋቱ በጎርፍ ይሸረሸራል። ከቤት ጀርባ ያለው መሬት ግን ጥቁርና ልል ነው። ጎመኑ እዚያ ያምራል። በቆሎው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዱባው አጥር ይወጣል። ቃሪያውም ጌሾውም እዚያው ነው።

ጓሮው ለምን ለማ? ዝናቡ ለጓሮ ተለይቶ አልዘነበም። ፀሐዩም ለሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከቤት የሚወጣው ጉድፍ ነው። እናቶቻችን ቤት ጠርገው ጥራጊውን ጓሮ ይደፉ ነበር። የምድጃው አመድ ወደ ጓሮ ይሄዳል። የጋጡ አዛባ ወደ ጓሮ ይሄዳል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ከብት ያስተረፈው ገለባ፣ ሁሉም ወደዚያው ነው። ይህ ሁሉ ከመሬት የበቀለ ነው። ስለዚህ በስብሶ መልሶ አፈር ሆነ። መሬቱም በላ፤ ጠገበ፤ ለማ።

በጉራጌና በሲዳማ አገር እንሰት የሚተከለው ቤቱን ከብቦ ነው። ከቤት የሚወጣውን ፍግና ጥራጊ እየበላ ያድጋል። ይህ የአባቶችና የእናቶች ጥበብ ነው። ጉድፍ ለመሬት ምግብ እንደሆነ ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራ ነው።

ታዲያ ዛሬስ? ዛሬም ጥራጊው ጓሮ ይደፋል። ቦታው ያው ነው፤ ልማዱም ያው ነው። ጉድፉ ግን ተለውጧል።

ዛሬ ከጥራጊው ጋር ምን ይወጣል? እስቲ እንቁጠር። ስኳርና ጨው የተቋጠረበት ፌስታል አለ። የሳሙና ላስቲክ አለ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ አለ። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። የአረም መድኃኒት ዕቃ አለ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ያረጀ ምላጭ፣ የዛገ ሽቦ፣ የተቀደደ የናይለን ከረጢት አለ። ከእነዚህ አንዱም ከመሬት አልበቀለም። መሬት አያውቃቸውም። ሊበላቸውም አይችልም።

የድሮው ጉድፍ መሬትን ይመግብ ነበር። የዛሬው ጉድፍ ሳይለይ ከተደፋ መሬትን ያንቃል፤ ይመርዛልም። ይህን ጽሑፍ የምናነበው የትኛው ለመሬት ምግብ፣ የትኛው ለመሬት መርዝ እንደሆነ ለይተን እንድናውቅ ነው።

አፈር ሕይወት አለው

አፈር ሲያዩት የሞተ ይመስላል። ነገር ግን አልሞተም። ደህና አፈር እጃችን ላይ ብናነሳ በውስጡ ደቃቅ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ውኃና አየር አለ። ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው። በዚህ ክፍት ቦታ ዝናብ ይሰርጋል፤ ሥር ይተነፍሳል።

በአፈር ውስጥ የምድር ትል አለ። ከምድር ትል ሌላ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እነዚህ ረቂቅ ተሕዋስያን ይባላሉ። ጤነኛ ከሆነ አፈር አንድ የሻይ ማንኪያ ብንወስድ፣ በውስጡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ። ሥራቸው ምንድን ነው? ገለባውን፣ እበቱንና ቅጠሉን እየበሉ ለሰብል ምግብ ያደርጉታል። ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን የሚሠሩ የገበሬው ረዳቶች ናቸው።

እነዚህ ረዳቶች ምግብ፣ አየርና ውኃ ይፈልጋሉ። አየሩ ሲታፈን ይሞታሉ። መርዝ ሲደፋባቸውም ይሞታሉ። እነሱ ሲሞቱ አፈሩ ባዶ ዱቄት ይሆናል። አንድ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ያበላሸነውን አፈር እኛም ልጆቻችንም መልሰን አናገኘውም።

ፌስታል በመሬት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ፌስታል የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ነው። ቀላል ነው፤ ንፋስ ይወስደዋል። ከጓሮ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ወንዝ ይዞራል። በመጨረሻ ማረሻ ይቀብረዋል። ተቀብሮ ግን አይበሰብስም። የአፈሩ ነፍሳት ሊበሉት አይችሉም።

በመሬት ውስጥ የተነጠፈ ፌስታል እንደ ጣሪያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወደ ታች መስረግ ያቅተዋል። ላዩ ላይ ይተኛል፤ ወይም አፈሩን ይዞ በጎርፍ ይሄዳል። ከፌስታሉ በታች ያለው አፈር በክረምት እንኳ ይደርቃል። የሰብሉ ሥር ወደ ታች ሲወርድ ፌስታሉ ያግደዋል። ሥሩ ወደ ጎን ይዞራል፤ ያጥራል። ዝናብ ጥቂት ቀን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠወልገው ያ ቡቃያ ነው።

ፌስታል ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል። ሰው «አለቀ፣ ጠፋ» ይላል። አልጠፋም። ደቅቆ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ እንጂ። እንዲህ የደቀቀ ፕላስቲክ ከአፈር ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ፌስታልን መልቀም ያለብን ሳይሰባበር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ፌስታል የጨው ወይም የምግብ ሽታ ካለው ከብት ይበላዋል። ላም የበላችውን ፌስታል መፍጨት አትችልም። በሆዷ ውስጥ እየተጠቀለለ ያድጋል። ላሚቱ የጠገበች ይመስላታል፤ ሣር መብላት ትተዋለች። ወተቷ ይቀንሳል፤ ትከሳለች። ሆዷ ይነፋል። በመጨረሻም ልትሞት ትችላለች። ስትታረድ ከሆዷ የተጠቀለለ ፌስታል ይወጣል። ሽቦና ምስማር ደግሞ የከብትን ሆድ ወግተው እስከ ልብ ሊደርሱ ይችላሉ። አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ ምን እንደሚደርስበት ለገበሬ አይነገርም።

ትንሽ ፌስታል ምን ታደርጋለች?

አንዳንድ ሰው «አንዲት ፌስታል ምን ታደርጋለች?» ይላል። እስቲ በተማርነው ሒሳብ እንሥራው።

እንበል አንድ ቤተሰብ በሳምንት 2 ፌስታል ጓሮ ይጥላል። በዓመት 52 ሳምንት አለ። 2 ጊዜ 52፣ 104 ይሆናል። አንድ ቤተሰብ በዓመት 104 ፌስታል ጣለ ማለት ነው።

በአንድ ጎጥ 100 ቤተሰብ ቢኖርስ? 104 ጊዜ 100፣ 10,400 ይሆናል። ይህ የአንድ ዓመት ነው። በ10 ዓመት 104,000 ፌስታል ይሆናል። ፌስታል ስለማይበስብስ የዘንድሮው በአምናው ላይ ይጨመራል እንጂ አይቀንስም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ይህም ጉዳት እያሳሳቀ ነው የሚወስደን።

የባትሪ ድንጋይ ነገር

የእጅ ባትሪና ሬዲዮ በየቤቱ አለ። ድንጋዩ ሲያልቅ ወደ ደጅ ይወረወራል። ሕፃናት አንስተው በድንጋይ ይቀጠቅጡታል። በውስጡ ባለው ጥቁር ዱቄት ይጫወታሉ። ይህ አደገኛ ነው።

በባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚያቃጥል ፈሳሽና ልዩ ልዩ ብረቶች አሉ። በአንዳንዱ ዓይነት ውስጥ ካድሚየም ወይም ሜርኩሪ የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። በመኪና ባትሪና በአንዳንድ የፀሐይ መብራት ባትሪ ውስጥ ደግሞ አሲድና እርሳስ አለ። እርሳስ ስንል የመጻፊያውን እርሳስ ማለታችን አይደለም። በዚህ ስም የሚጠራ ከባድ ብረት አለ።

ባትሪው በዝናብና በፀሐይ ሲበላ ብረቱ ወደ አፈር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ቅጠል ይበሰብሳል። እበት ይበሰብሳል። ብረት ግን አይበሰብስም። አፈር ውስጥ የገባ እርሳስ ዘንድሮም አለ፤ የዛሬ 50 ዓመትም አለ። ጎመንና ድንች በዚያ አፈር ሲበቅሉ መርዙ በሥራቸው ሊገባ፣ በአቧራም ቅጠላቸው ላይ ሊያርፍ ይችላል። መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን ደግሞ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል።

እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስታውቃል። እኛ ልጆቻችን ከእኛ የበለጠ እንዲማሩ እንፈልጋለን። እንግዲያው አእምሯቸውን ከሚጎዳ መርዝ እንጠብቃቸው።

የመድኃኒት ዕቃ

ቱፎርዲ የአረም መድኃኒት ነው። ማላታይን የተባይ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ዕቃው ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም። ከግድግዳው ላይ የተጣበቀ መርዝ አለ። ይህ ዕቃ ጓሮ ሲጣል ዝናብ ያጥበዋል። እጥበቱ የአፈሩን ነፍሳት ይገድላል። ወደ ጉድጓድ ውኃ ወይም ወደ ምንጭ ከወረደ ሰውና ከብት ይጎዳል። ንብም ይሞታል።

ከሁሉ የከፋው በዚህ ዕቃ ውኃ መቅዳት፣ ዘይት ማኖር ወይም ጠላ መያዝ ነው። የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መድኃኒቱ እንዳለቀ፣ እዚያው ማሳው ላይ እያላችሁ፣ የዕቃውን ሩብ ያህል ውኃ ጨምሩ። ክዳኑን ዝጉና በደንብ ናጡት። እጥበቱን ወደ መርጫው ገልብጡና በዚያው ማሳ ላይ እርጩት። ይህን 3 ጊዜ ድገሙ። ከዚያ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ዕቃውን ብሱት። የተበሳውን ዕቃ ልጆችና ከብት በማይደርሱበት ቦታ ለብቻው አኑሩ። የት እንደሚሰበሰብ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ጓሮ አትጣሉት፤ አታቃጥሉትም።

ስባሪ፣ ዝገትና ዓይነ ምድር

ብርጭቆና ምላጭ አፈሩን ባይመርዙም አፈሩን የማይነካ ያደርጉታል። ጓሮ የምትኮተኩት እናት እጇን ትቆረጣለች። ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ይወጋል። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተሕዋስ በአፈር ውስጥ ይኖራል። በቁስል በኩል ይገባል። ስለዚህ በአፈር ላይ የተወጋ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የበሬ ሰኮናም እንዲሁ በስባሪ ይጎዳል።

የሕፃን ዓይነ ምድር ከጥራጊ ጋር የሚደፋበት ቤትም አለ። «የሕፃን ነው፤ አይጎዳም» ይባላል። ይህ ስህተት ነው። የወስፋት እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በጎመንና በቆሻሻ እጅ በኩል ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይገባል። የሕፃንም ሆነ የአዋቂ ዓይነ ምድር ቦታው መጸዳጃ ጉድጓድ ነው።

ብናቃጥለውስ?

ብዙ ሰው ፌስታልና ላስቲክ ሰብስቦ ያቃጥላል። ግቢው ጸዳ ብሎ ይደሰታል። ጉዳዩ ግን አላለቀም። ላስቲክ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ሳንባ ይጎዳል፤ ዓይን ያቃጥላል። ጭሱ በዙሪያው ባለው ሰብልና ሣር ላይ ያርፋል። ባትሪና ቀለም የተቀባ ነገር አብሮ ከተቃጠለ ደግሞ ብረቱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ያ አመድ ጓሮ ሲደፋ መርዙ አፈር ገባ ማለት ነው።

የእንጨትና የኩበት አመድ ለመሬት ጥሩ ነው። የላስቲክ አመድ ግን ክፉ ነው። ሁለቱን አንቀላቅል። በምድጃ ውስጥ ፌስታል አናንድድ። እንጀራ በላስቲክ አይጋገር።

ከቆሼ የምንማረው

ቆሻሻ ሳይለይ ሲከመር የት እንደሚደርስ በአገራችን አይተናል። በአዲስ አበባ ከተማ ቆሼ ወይም ረጲ የሚባል ቦታ አለ። የከተማው ጉድፍ ከ50 ዓመት በላይ እዚያ ሲደፋ ኖረ። የሚበሰብሰውም የማይበሰብሰውም አንድ ላይ ተቆለለ። ክምሩ ተራራ ሆነ። ተመራማሪዎች የቦታውን አፈር መርምረው ከባድ ብረቶች መጠራቀማቸውን አገኙ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደ። በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

የገጠር ጓሮ እንደ ቆሼ አይናድም። ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። የጣልነው ነገር ከዓይናችን ይርቃል እንጂ አይጠፋም። ወይ ይከመራል፣ ወይ ይሰርጋል፣ ወይ በጎርፍ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ጉድፍን ከቤት ሳይወጣ በ3 እንለይ።

አንደኛ፣ የሚበሰብስ። ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ገለባ፣ ቅጠል፣ እበት፣ ፍግ፣ የእንጨት አመድና የቤት ጥራጊ እዚህ ይገባሉ። እነዚህ የመሬት ምግብ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የማይበሰብስ ነገር ግን የሚያገለግል ወይም የሚሸጥ። ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ብረትና ደህና ከረጢት እዚህ ይገባሉ። ታጥበው ይቀመጡ። ወደ ከተማ ስትሄዱ ቆራሌው ይገዛችኋል።

ሦስተኛ፣ አደገኛ። የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ስባሪና የመድኃኒት ዕቃ እዚህ ይገባሉ። ባትሪውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ከልጆች አርቁት። ስለታሙን በሌላ ቆርቆሮ አኑሩት። የመድኃኒት ዕቃ ግን ከቤት ውጭ ለብቻው ይቀመጥ።

ለዚህ ሁለት አሮጌ ቅርጫትና አንድ ሁለት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይበቃል። ሥራው የእማወራዋ ብቻ ነው ብሎ አባወራው ዝም አይበል። ባትሪ የሚገዛው ማነው? መድኃኒት የሚረጨውስ? ልጆችም መለየትን ይማሩ። ልጅ ከለመደ አይረሳም።

የመሬት ምግብ አዘገጃጀት

የሚበሰብሰውን ጉድፍ እንዲሁ ከመበተን አብስሎ መስጠት ይሻላል። ይህ ብስባሽ ወይም ኮምፖስት ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ከጉድጓድ ውኃና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ጥላ ያለው ቦታ ምረጡ። በበጋ ከሆነ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በክረምት ከሆነ ጉድጓድ ውኃ ስለሚይዝ ከመሬት በላይ ከምሩ።

2. ከታች የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ አንጥፉ። አየር የሚገባው በዚህ ነው።

3. በላዩ ደረቅ ገለባና ቅጠል፣ ቀጥሎ እርጥብ ሣርና የጓዳ ልጣጭ፣ ቀጥሎ በውኃ የተበጠበጠ እበት ወይም አዛባ አድርጉ። በላዩ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ በትኑ። አመድ አይብዛ።

4. ይህን እየደጋገማችሁ ሙሉት። እየሞላችሁ ውኃ አርከፍክፉ። እርጥበቱ ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን። አይንጠባጠብ፤ አይድረቅም።

5. መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ትከሉ። ከላይ በጭቃና በሣር ክደኑት።

6. ከሳምንት በኋላ እንጨቱን ነቅላችሁ ጫፉን ዳስሱ። ከሞቀና ከረጠበ ሥራው ደህና ነው። ከቀዘቀዘና ከደረቀ ውኃ ጨምሩ። መጥፎ ሽታ ካለው ውኃ በዝቷል፤ ደረቅ ገለባ ጨምሩ።

7. ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሆነው ገልብጡት። ከላይ ያለው ወደ ታች ይሁን። እንደገና ክደኑት።

በ3 ወይም በ4 ወር ይደርሳል። ሲደርስ ጥቁርና ፍርፍር ይላል። ሽታው ዝናብ እንዳገኘ አፈር ነው። በማሳ ላይ በትናችሁ ወዲያው እረሱት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሥጋና ቅባት አትጨምሩበት፤ ውሻና ጅብ ይቆፍረዋል። ፌስታል ከገባበት ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ፌስታሉን በገዛ እጃችን ማሳ ላይ በተንነው ማለት ነው። ለዚህ ነው መለየት ይቅደም የምንለው።

ጥሩው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ አረምና ሣር በብዛት አለ፤ ውኃም ሩቅ አይደለም። በጥቅምት የተከመረ በየካቲት ይደርሳል። ተከድኖ ቢቆይ ለሰኔ እርሻ ይሆናል።

ይህ በአገራችን የተፈተነ ነገር ነው። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በትግራይ ከገበሬዎችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ብስባሽን ማሳ ላይ ሞከሩ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ ይልቅ በአማካይ እጥፍ ያህል እህል ሰጠ። ጉድፍ ተለይቶ ሲያዝ እህል ይሆናል ማለት ነው።

የቀረው ፌስታልስ?

በገጠር ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና የለም። ስለዚህ ዋናው ዘዴ ፌስታልን ወደ ቤት አለማስገባት ነው። ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ወይም ቅርጫት ያዙ። ለጨውና ለስኳር የጨርቅ ከረጢት ስፉ። እናቶቻችን ፌስታል ሳይኖር ገበያ ወጥተው ሸምተው ይገቡ ነበር።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። በአዋጅ ቁጥር 513/1999 በጣም ስስ የሆነ ፌስታል ተከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕግ ግን ብቻውን ጓሮ አያጸዳም።

ከዚህ ተርፎ ቤት የገባውን ፌስታል ታጥቦና ደርቆ በአንድ ከረጢት ይከማች። የጎጡ ሰዎች ተሰብስበው አንድ የጋራ ቦታ ይምረጡ። ቦታው ከማሳ፣ ከግጦሽና ከውኃ የራቀ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ይሁን። ዙሪያው ይታጠር፤ ከላይም ይከደን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የግብርና ባለሙያውን አማክሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

እናንተው ሞክሩት

ያነበባችሁትን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። በጓሮ ጥግ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። የድንች ልጣጭ፣ ጭብጥ ገለባ፣ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭና አንድ ፌስታል ለየብቻ ቅበሩ። ምልክት አድርጉ። ከክረምት በፊት ቀብራችሁ መስከረም ላይ ቆፍሩ።

ልጣጩን አታገኙትም፤ አፈር ሆኗል። ገለባው ጠቁሮ ይፈራርሳል። ጨርቁ ይበጣጠሳል። ፌስታሉ ግን እንደ ተቀበረ ይወጣል። ለጎረቤት አሳዩት። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይከራከርም።

መሬታችን አይጨምርም። የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ይሄዳል። ያነሰ መሬት ሊያበላን የሚችለው እኛ ስናበላው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትጠርጉ ጥራጊውን ከመድፋታችሁ በፊት እዩት። ፌስታሉን አውጡ። ባትሪውን አውጡ። የቀረውን ለመሬት ስጡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ግቢ የጓሮው መሬት ከማሳው የሚሻለው በምንድን ነው?
2. በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ የወጣውን ፌስታል ቁጠሩ። በዓመት ስንት ይሆናል?
3. በጎጣችሁ ፌስታል ወይም ሽቦ በልቶ የሞተ ከብት አለ? ተነጋገሩበት።
4. የላስቲክ አመድ ጓሮ የማይደፋው ለምንድን ነው?
5. የጋራ ማጠራቀሚያ የት ቢሆን ይሻላል? ማን ይጠብቀዋል?

የቃላት ፍች

ብስባሽ፦ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ልጣጭና እበት የተሠራ የመሬት ምግብ።
ረቂቅ ተሕዋስያን፦ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች።
ከባድ ብረት፦ እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያለ፣ በአፈር ውስጥ የማይጠፋ መርዛማ ብረት።
አዛባ፦ ከጋጥ የሚጠረግ እርጥብ እበትና ሽንት።